ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴትዮ

ፖስተር ሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሄጄ የሱቁን መስታወት አረግፍለት ነበር። የሰጠነውን ፎቶ ተቀብሎ የአኑቺትን ፊት ፍክት አደረገው፤ ከጎኑ የቆመችውን እናቱን ደግሞ ማንም ሳያዘው አቀጠናት። አገጯን አሾለ፣ ክንዷን በግማሽ ቀነሰ፣ ወገብ ኖሯት ለማታውቅ ሴት ወገብ ሰጣት። ከዚያም «አኑቺት ሊመነኩስ ነው፤ ኑ፣ የጽድቁ ተካፋይ ሁኑ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በር በሚያህል ፕላስቲክ ላይ አተመው። እኛም እንደ ወጉ በመንደራችን መግቢያ ሰቀልነው።

እናቱ ታላቅ እህቴ ናት። ስሟ ላምዱዋን ነው፤ ግን በዚህ ስም የሚጠራት የለም። ስትወለድ ክብ ስለነበረች «ዱባ» ተብላ ቀረች። እኛ ዘንድ ይህ ስድብ አይደለም፤ ቀጭኑን ሸምበቆ፣ ጥቁሩን ከሰል እያልን ነው የምንኖረው። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ «ዱባ!» ሲሏት «አቤት!» እያለች በከተማችን በሮይ ኤት መንገድ ዳር ዶሮ ስትጠብስ ኖራለች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ እንኳ ምድጃዋን አላጠፋችም፤ ልጇን በዶሮ ጭስ አሳደገችው። እኔ ፕራኖም ከጎኗ ተቀምጬ የፓፓያ ሰላጣ እወቅጣለሁ። የእሷን ዶሮ የገዛ የእኔን ሰላጣ ሳይዝ አይሄድም።

ፖስተሩ በተሰቀለ ማግስት ባለሱቋ ሱዳ ሞተሯን አጠገባችን አቆመች።

«ፕራኖም፣ አኑቺት ሌላ እናት አገኘ እንዴ? ፖስተሩ ላይ ያለችው ሸንቃጣ ማን ናት?»

«ዓይንሽን ታጠቢ። ዱባ ናት» አልኳት።

«ኧረ ያቺስ ቅል ናት! ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ሲባል አልሰማሽም?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እህቴም አብራ ሳቀች። ግን የያዘችውን ዶሮ አሳረረችው፤ እሷ ደግሞ ዶሮ አሳርራ አታውቅም።

ዕቃ ስንሰበስብ «ሰው ሁሉ ፖስተሩን አይቶ ይመጣል» አለችኝ። «ከዚያ እኔን ያያል።»

«ይያ! ምን ያመጣል?»

«የልጄ ቀን ነው እኮ፣ ፕራኖም። ልብሱን ተሸክሜ ስዞር መሳቂያ ልሁንበት?»

ምን እንደምትል ገብቶኛል። እኛ ሴቶች የመነኩሴውን ቢጫ ልብስ አንለብስም። እናት ገነት የምትገባው የልጇን የምንኩስና ልብስ ጫፍ ይዛ ነው ይባላል። ስለዚህ ልጅ በሚመነኩስበት ቀን ልብሱን ተሸክማ መቅደሱን ሦስት ጊዜ የምትዞረው እናቱ ናት። ላምዱዋን ይህን ቀን መጠበቅ የጀመረችው አኑቺት ጡት ሳይጥል ነው። ሌላ ምኞት ሲኖራት አላየሁም።

ለመክሳት ብላ የወሰደችውን መድኃኒት የሸጠችላት ያችው የሳቀችባት ሱዳ ናት። ሱቋ ውስጥ በዓሣ መረቁና በትንኝ ማባረሪያው መሃል አፋቸው የታሸገ ትንንሽ ላስቲኮች ተንጠልጥለዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴ ኪኒን አለ። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። «ሮዙንና ነጩን ጠዋት፣ አረንጓዴውን ማታ» አለቻት አሉ። «ምግብ ራሱ እየሸሸሽ ይሄዳል። ባንኮክ ያሉ አርቲስቶች የሚውጡት ነው።» ሱዳ ባንኮክን ያየችው በቴሌቪዥን ነው።

መጀመሪያ ላይ ተአምር መሰለ። የእህቴ ፊት ቀለጠ፣ ቀሚሷ ሰፋ፣ ገበያተኛው «ፖስተሩን መሰልሽ እኮ!» ይላት ጀመር። እሷም ይህን በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ቀጥሎ ግን እንቅልፍ ከቤቷ ወጣ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ግቢ ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ጋር ይጣበቃል፣ ሽንት ያመላልሳታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። በሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ዱባ «ዶሮው አነሰ» ባለ ደንበኛ ላይ መቆንጠጫ ወረወረች። ሰውየው ከደነገጠው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ።

የእኛ አገር ሰላምታ «ሩዝ በልተሻል?» ነው። መልሱም «በልቻለሁ» ነው፤ ደህና ነኝ እንደማለት። በየጠዋቱ እጠይቃታለሁ፣ በየጠዋቱ «በልቻለሁ» ትለኛለች። ውሸቷን የነቃሁባት የግቢዋ ውሾች ሲወፍሩ ነው።

«ምንድን ነው የምትውጪው?» ብዬ አፋጠጥኳት።

«ቫይታሚን ነው።»

«ቫይታሚን ሰውን እንዲህ ያንዘፈዝፋል? ዱባ፣ እኔን አታሞኚኝ!»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አንዳንዴ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይዘላል። ከዚያ ይተወኛል። እስከ በዓሉ ብቻ ነው፣ የኔ እህት። ከዚያ እጥለዋለሁ።»

ላስቲኩን ነጥቄ ሽንት ቤት ጨመርኩት። ሱዳንም ሱቋ ድረስ ሄጄ በደንበኞቿ ፊት የአፌን ሰጠኋት። ምን ዋጋ አለው? እህቴ ሌላ ገዝታ ደበቀች። አልጋዋን አገላበጥኩ፣ የሩዝ ማስቀመጫውን ገለበጥኩ፤ አጣሁት።

በበዓሉ ዋዜማ የአኑቺትን ፀጉር መጀመሪያ የምትቆርጠው እናቱ ነበረች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ዘመድ ከበበው። መቀሱ በእጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጆሮው አጠገብ ካ ካ ካ ይል ነበር። 

«እማዬ፣ ጆሮዬንም ልታመነኩሺው ነው እንዴ?» አለ አኑቺት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አኑቺት ግን አልሳቀም፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። እግሯ ላይ ወድቆ ኪኒኑን እንድትተው ለመናት። «ነገ ይለፍ፤ በልቼ እጠግባለሁ» አለችው። እናት ለመነኩሴ ልጇ አትዋሽም ብሎ አመናት። ገና አልመነኮሰም ነበር።

በማግስቱ ፀሐይዋ ገና በማለዳ አናት ትበሳ ነበር። ከበሮው ፊት ፊት፣ ሸብሻቢው ከኋላው፣ ላምዱዋን የታጠፈውን ቢጫ ልብስ በደረቷ አቅፋ መሃል ላይ። እውነት ለመናገር አምራ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ፈገግ እያለች ዞረች። በሁለተኛው ከንፈሯ ነጣ፤ ላብ ግን አልነበራትም፣ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እሷ ደረቅ ነበረች። ክንዷን ያዝኳት።

«ተቀመጪ። እኔ ልያዝልሽ።»

«ልቀቂኝ፣ ፕራኖም።»

«ትሞቻለሽ እኮ!»

«ሦስተኛውን ሳልጨርስ ብታስቀምጪኝ፣ በሕይወቴ ይቅር አልልሽም።»

እንደምታደርገው አውቃለሁ። ከጎኗ ሆኜ ወገቧን ደግፌ ሄድኩ። ከበሮው ሲመታ የእሷ ልብ በጎድኗ በኩል መዳፌን ይመታኝ ነበር፤ ከከበሮው ይፈጥናል፣ ድንገት ደግሞ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛውን ዙር ጨረሰች። ልብሱን በልጇ እጅ አስቀመጠች። መቅደስ ውስጥ ገብቶ፣ ጸሎቱ ተደግሞ፣ ቢጫ ለብሶ ሲወጣ የመጀመሪያውን ምጽዋት ልትሰጠው ተንበረከከች። ሳህኑን ወደ ላይ አነሳች። ሳህኑ ወደቀ፣ እሷም ተከትላው ወደቀች።

አኑቺት እጁን ዘረጋ። ከአሮጊቶቹ አንዷ «አባ፣ አይንኩ! ሴት ናት!» ብላ ጮኸች። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከመነኮሰ ገና ሻማው አልቆ አልጠፋም፤ ሴት ደግሞ፣ የወለደችው እናቱም ብትሆን፣ መነኩሴ አይነካትም። ፊቱን ሳየው ሕጉንም ያወጡትንም ረገምኩ፤ በልቤ ሳይሆን በአፌ ነው የረገምኩት። እኛ ሴቶቹ ተረባርበን አነሳናትና ፒካፕ ላይ ጫንናት። አኑቺት እዚያው ተገትሮ ቀረ።

አበምኔቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸውም ቀስ ያለ ነው። «ልብሱ ሥጋ አይደለም» አሉት። «ውጣና ጫፉን ስጣት።»

ዘሎ ወጣ። የልብሱን ጫፍ በጣቶቿ መሃል አደረገላት፤ ያዘችው። ፒካፑ ሲበር ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«አባ» አለችው፣ ዛሬ ጠዋት አንተ ስትለው የነበረውን ልጇን። «ልብስዎን አቆሸሽኩብዎት።»

«አትልቀቂው፣ እማዬ። አደራ እንዳትለቂው።»

በመንደሩ መግቢያ ስናልፍ ፖስተሩ በላያችን አለፈ። ቀጭኗ ሴትዮ ከላይ ሆና ፈገግ ብላ አየችን። በኋላ እኔው አውርጄ የዶሮ ቤት ጣራ ሸፈንኩበት፤ ለዝናብ ጥሩ ነው።

ሆስፒታል በር ላይ ነርሷ «ምን ወስዳለች?» አለችኝ።

«የመክሻ ኪኒን።»

«ስሙ ማነው?»

«ሮዝ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ።»

«ቀለሙን አልጠየቅኩሽም፣ ስሙን!»

«ስም የለውም!» ብዬ ጮህኩባት። «ስም ቢኖረው አልነግርሽም ነበር?»

ልብሷን ሲያላሉላት ነው የተገኘው። ቤቱን ሙሉ ገልብጬ ያጣሁት ላስቲክ መቀነቷ ውስጥ ተቋጥሯል፤ ሦስት ጊዜ ስትዞር እኔ የደገፍኳት ወገብ ላይ። አረንጓዴው ብቻ ቀርቶ ነበር። ጠዋትም ውጣለች ማለት ነው።

ዶክተሯ ኪኒኑን በመዳፏ ይዛ ተመለከተችው። «እንዲህ ያሉ አምጥተውልን ያውቃሉ» አለች። «አንደኛው ልብን ያስጋልባል። ሌላው የሰውነትን ውሃ ጠርጎ ያወጣል፤ ከውሃው ጋር ልብ የሚሠራበትን ማዕድን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው የሚጋልበውን ልብ በልጓም ይይዘዋል። ልቧ የቱን ይስማ?» ከዚያ ወደ አኑቺት ዞረች። «አባ፣ ሊቆም ይችላል። ወደ ውስጥ እናስገባታለን፤ ልብሱን ትልቀቅ።»

አልለቀቀችም። ጣቶቿን ሊፈለቅቁ ሞከሩ፤ ጨብጣ ያዘችው። አኑቺት የላዩን ልብስ ከትከሻው አወረደና ከእሷ ጋር ላከው። ትከሻው ራቁቱን፣ የተላጨ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ በር ውስጥ ሰዎች ሲሯሯጡ ይሰማናል፤ አንዴ አንዱ «ቆመ!» ሲል ሰማሁ። አኑቺት ዛሬ የተማረውን ጸሎት ጀመረና መሃሉ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት። ፈራሁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት «ነቅታለች» ብለው ጠሩን። እኔ ገብቼ እግሯን ያዝኩ። አኑቺት ደጃፉ ላይ ቆመ። ቱቦ በአፍንጫዋ፣ ሽቦ በደረቷ ነበር፤ ፊቷ ፖስተሩንም፣ የቀድሞዋን ዱባንም አይመስልም። የልብሱ ጫፍ አሁንም በጭብጧ ውስጥ ነው።

ልጁ ጸሎት ይበል፣ ይቆጣት፣ ያልቅስ አላወቀም። በመጨረሻ ሁላችንም በየቀኑ የምንለውን አለ።

«እማዬ፣ ሩዝ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» ትላለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ግን በጭብጧ የያዘችውን ጨርቅ አየችና ቀና አለች።

«አልበላሁም፣ አባ» አለች። «በጣም ርቦኛል።»