ስፒከሩን ስናሟሽ

አባየ ሁለቱን ስፒከሮች ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭኖ የመጣ ቀን እኔ በደስታ መሬት ላይ አልነበርኩም። እስከ ወገቤ ይደርሳሉ፣ ጥቁር ናቸው፣ ፊት ያሳያሉ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ እንደኛ ባለ የቆርቆሮ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ ጎረቤት ሁሉ «መብሩክ» እያለ ሊያይ ይመጣል፤ መጣም።

የሸጠለት ወሎየ ነጋዴ አደራ ብሎታል። መሀሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት ገና ደረቅ ስለሆነ ጮክ አይደረግም፤ ቀስ እየተባለ ሲጫወት ይለሰልስና ድምፁ ይከፈታል።

«እንደ ሸክላ ድስት ይሟሻል በለኛ» አለች እማየ። «ጎመን ዘር ላምጣልህ?»

ማሟሸቱ ለእኔ ተሰጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መብራት ካለ ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካ እቆጣለሁ።

የምንከፍተው አንድ ነገር ነው። የአባየ ታላቅ ወንድም በአገር ቤት ሰርግ ላይ ማሲንቆ ሲመታ የተቀዳ ነው፤ ከበሮና ጭብጨባ አለበት። አጎቴ ሲሞት ወደ አገር ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ አባየ ሳይቀብረው ቀርቷል። በስልክ ሲሰማው ማሲንቆው አልወጣ ስላለው፣ ጥፋቱ የስልኩ ነው ብሎ ነው ስፒከር የገዛው።

የመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ከበሮው ግሩም ነው። ማሲንቆው የት አለ?»

«አለ እኮ አባየ» አልኩት። እውነትም ነበር፤ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጥርት ብሎ።

«አትቀልጅ። ገና አልተሟሸም።»

አባየ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጣሁና በሚለው ጩኸታም ወፍጮ ቤት ማሽላ ይፈጫል። ሲያወራ ይጮሃል፤ የወፍጮ ሰው እንዲህ ነው እያልን እንስቅበታለን። አሁን ግን ዱቄቱን ሳያራግፍ ከስፒከሩ ፊት ተቀምጦ «ዛሬስ?» ሲል፣ እኔና እማየ እንተያያለን።

በመጨረሻ «ይኼ ሰውየ ብልሹ ዕቃ ሸጦልኛል» ብሎ ስፒከሮቹን ጫነ። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ነጋዴው ከሱቁ ደጅ አውጥቶ ሰካና ጮክ አደረገው። የኛ አገር ረክሻ ነጂዎች ከበቡን። ዘፈኑ መሀል ላይ ከበሮውም ጭብጨባውም ያቆምና ማሲንቆው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ አባየ እጁን ዘረጋ።

«ኻላስ፣ አለቀ። ንቀለው።»

«ምኑ አለቀ ጋሼ?» አለ ነጋዴው። «አሁን ገና ጣመ! አንጀት እየበላ አይደል እንዴ?»

አባየ ዞር አለ። የነጂዎቹ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ በአንድ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንችም ይሰማሻል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ። አባየ ቀስ ብሎ ሲናገር ያን ቀን ሰማሁት።

ነጋዴውን ይቅርታ ጠየቀና ስፒከሮቹን መልሰን ጫንን። ቤት ስንደርስ ራሱ ገጣጠማቸው፤ ሽቦውንም ሰካው።

«እንግዲህ አንች ስሚው» አለኝ።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ማሽላ ሊፈጭ በጠዋት ወጣ።