ቅዳሜ ባዶ የተባለው ክፍል

የምሠራው አምስተርዳም ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ጥገና ክፍል ነበር። ያን ዓመት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ሴንሰሮች ገጠምን። ካሜራ አይደሉም። የሰው ሙቀት ሲያገኙ «ሰው አለ»፣ ሲያጡ «ባዶ ነው» ይላሉ፤ ማን እንደሆነ አያውቁም። ባዶ ክፍል በከንቱ እንዳይሞቅ ነው ነገሩ።

አለቃዬን ለምኜ፣ ለጸሎት ኅብረታችን ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል አስፈቅጄ ነበር። ከከተማው ዳር ከቢልመር ሰፈርም፣ ከሌላ ከተማ ከዴን ሃግም የሚመጡ ነበሩ። ከዚያ በፊት በየሰው ሳሎን ስንጸልይ፣ ጎረቤት ፖሊስ እየጠራብን ስንት ተንከራተናል! ሌላ መሄጃ አልነበረንም።

ብርዱ ሲጠና አለቃዬ ጠራኝ። «ያ ክፍል ቅዳሜ ባዶ ነው። ማሞቂያውን ዘግተን እንቆልፈዋለን» አለ።

«ባዶ? እኛ ስንዘምር እኮ ሕንፃው ነው የሚናወጠው!»

«ሴንሰሩ ማንንም አላገኘም።»

ደሜ ፈላ። ዋሸሽ የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ። አንድ ሳምንት ታገሠኝ አልኩትና፣ ሴንሰሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ቅዳሜ በጊዜ ሄድኩ።

ወንበር የሚደረድሩልን እናት ቀድመውኝ ገብተዋል፤ አረጋውያን በመንከባከብ ነው የሚተዳደሩት። መጋረጃውን ዘጉ። ከዚያ ከቦርሳቸው የቁስል ፕላስተር አውጥተው ሴንሰሩ ላይ ለጠፉበት።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ዓይኑን ልሸፍነው እንጂ! ስንወጣ እነቅለዋለሁ፤ ንብረታቸውን አላበላሽም።»

«በእርስዎ ፕላስተር የተነሳ ክፍሉን ልንነጠቅ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በደርግ ጊዜ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ የሚቆጥር ጎረቤት ነበረባቸው። አንድ ቀን መጋረጃ መዝጋት ረሱ፤ ባለቤታቸው የታሰሩት ያን ዕለት ነው። ይህን ሲነግሩኝ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ አፈርኩ።

«ይሄ ስም አያውቅም፣ እትዬ። ሙቀትዎን ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኳቸው።

«ለማንም አይናገርም?»

«ከየት አምጥቶ!»

ተነስተው ፕላስተሩን ራሳቸው ነቀሉት። «ወይ ጉድ! ያኔ እንዳንቆጠር ተደበቅን፤ ዛሬ ካልተቆጠርን በብርድ ልናልቅ!» ብለው ሳቁ፤ እኔንም አሳቁኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሴንሰሩ «ሰው አለ» አለ፤ ክፍሉም አልተቆለፈም። እትዬ ግን መጋረጃውን ሁልጊዜ ይዘጉ ነበር። አንድ ቅዳሜ ትራም አስረፈዳቸው፤ ጸሎት ሊጀመር ሲል ተነስቼ ዘጋሁላቸው።