ፌንጣዋ ለእንቁላሏ የተወችው ስንቅ

እስከ ዛሬ ጠዋት ለአንድም ሰው ያልተነፈስኩት ጥፋት አለኝ። አንባቢዬ፣ ደስ እያለኝ ነው የምናዘዘው፤ ደስታዬ ግን ጥፋቴን እንዲያሳንስልኝ አልፈልግም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ቶንጎ አካባቢ ባዮሎጂ እንዳስተምር በተመደብኩ ሰሞን፣ ለፈተና አንድ ጥያቄ አወጣሁ፦ የፌንጣ እንቁላል ማደግ ሲጀምር በማን ጂን ይመራል? እኔ ያዘጋጀሁት መልስ «በጽንሱ በራሱ» ይላል። ሀዋ የምትባል ተማሪዬ ግን «በእናቱ» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደረግኩባት እኔ ነኝ። በጓደኞቿ ፊት የቀለድኩባትም እኔ ነኝ።

«ሀዋ፣ እናትየዋ እኮ አፈር ውስጥ ጥላው ሄዳለች! በስልክ ነው የምታዘው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሀዋ ግን ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ እናት ስትሄድ ስንቅ አትተውም?»

«ተቀመጪ!»

በማግስቱ መጻሕፍት ሳገላብጥ ልክ የነበረችው እሷ ሆና አገኘኋት። እናቲቱ እንቁላሉን በሆዷ ስታዘጋጅ ከራሷ ጂን የተቀዱ መመሪያዎችን ታኖርበታለች፤ ጽንሱ የራሱን ጂን መጠቀም እስኪጀምር በእነዚያ ይሠራል። ስንቅ ማለት ይኸው አይደል? ውጤቱ ገና አልተለጠፈም ነበር። ማረም እችል ነበር። አላረምኩም። ለምን? አዲሱ አስተማሪ ተሳሳተ እንዳይባል? በፈተናው አንደኛ የወጣ ተማሪ አሶሳ ለሳይንስ አውደ ርዕይ ይሄድ ነበር፤ ሀዋ በአንድ ነጥብ ቀረች። ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ።

ዘንድሮ ሀዋ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ልምምድ እኔው ክፍል ተመደበች። ዛሬ ጠዋት እርጥብ አሸዋ ያለበት ጠርሙስ ይዛ ገባች። ከሳምንታት በፊት የፌንጣ እንቁላል ቀብራበት ኖሯል፤ በትምህርቱ መሀል ተፈለፈለ! የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ፌንጣዎች ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ ተማሪው በደስታ ጮኸ። ሀዋ «መጀመሪያ የመራቸው ማነው?» ስትል ከኋላ ወንበር እጄን አወጣሁ። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ኤክሱን፣ ቀልዱን፣ ዝምታዬን።

ሀዋ አንዲት ፌንጣ ከእጅጌዋ ላይ እያነሣች፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ማርኬስ?» አለች።

ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። አሁን የተሳቀው በእኔ ነው፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማርኳን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩላት። የአሶሳውን ጉዞ ግን በጠመኔ አልመልሰውም። አዲስ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

«ይቅር በይኝ» ልላት ስል፣ ሀዋ ፈገግ ብላ ወንበሬን አመለከተችኝ።

«ትምህርቱ አላለቀም፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።