የባሕር ወለል አብዮተኛ የሆነባት ቀን

የድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ጋሼ መኮንን፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩትን መልስ ዛሬ አዳማ መናኸሪያ በር ላይ ሹክ አሉኝ!

ያኔ የቀበሌ ውይይት ግዴታ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ እንዲያስተምሩን ታዘው ከአዶላ የመጣ አረንጓዴ ድንጋይ አሳዩን።

"ይሄ ጥንት የባሕር ወለል ነበር። አህጉሮች ሲጋጩ ባሕሩ ተዘጋ፤ ወለሉም ተገፍቶ የብስ ላይ ወጣና የድሮውን መሬት ከሥሩ ቀበረው።"

ካድሬው ብድግ አለ። "ጓዶች፣ አብዮት ማለት ይሄ ነው! ከታች የነበረው ላይ ወጣ!"

አጨበጨብን። ላለማጨብጨብ ማን ደፍሮ!

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ግን እጃቸውን አወጡ። "ታዲያ ከሥሩ የተቀበረው የድሮው መሬት እዚያው ቀረ?"

ጋሼ ካድሬውን አዩ፤ ላብ በላብ ሆኑ። "ሰዓት አልቋል" ብለው ድንጋያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ውልቅ!

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ አነሣሁባቸው። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ዝናብና ጎርፍ ላዩን ሲያጥበው፣ የድሮው መሬት ተመልሶ ብቅ ይላል።"

"ጋሼ፣ ደርግ እኮ ከወደቀ ስንት ዘመኑ! አሁን ማን ይሰማናል?" ብላቸው፣

"አይታወቅም" አሉኝ።

እናንተስ፣ በጭብጨባ የታለፈ ጥያቄ አላችሁ? እዚህ ጻፉት፤ ሳትገላመጡ!