የስፌት መኪናዋ ወደ ቤተ ልሔም

ሐሙስ ንጋት፣ መካነ ኢየሱስ

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ የስፌት መኪና የብረት እግር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እያሰረ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከታች የቆመች ወጣት "ቀስ በል፣ ፔዳሉ እንዳይጣመም" ትለዋለች።

ብርቄ ትባላለች። እዚሁ ከተማ፣ የሙያ ማሠልጠኛው ውስጥ ነው የተዋወቅነው። በልጅነቷ ተድራ፣ ከባሏ ቤት ሸሽታ ወደ ወላጆቿ የተመለሰች ናት። አጠገቧ የስፌት መኪናዋን ራስ በጋቢ ጠቅልሎ ያቀፈው ደሴ የስማዳ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ እሳት ላይ ወድቆ የቀኝ እጁ ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል፤ እርፍ መጨበጥ አይችልም።

ሁለቱም ልብስ ስፌት ሠልጥነዋል። መቀስ ለደሴ ስለማይመቸው ብርቄ ትቆርጣለች፣ እሱ በግራ እጁ ጨርቁን እየመራ ይሰፋል። ሲመረቁ አንድ መኪና ለሁለት ተሰጣቸው። እዚህ ልብስ ሰፊ ስለበዛ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ላይ በረንዳ ሊሰጣቸው ቃል የገባ ባለሱቅ አግኝተዋል። እኔም ለጋዜጣዬ ልጽፍ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

ሐሙስ ቀትር፣ ደብረ ታቦር

ከአውቶቡሱ ወረድን። ሽሮ በቃሪያ በላንና ወደ ጋይንት የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅን። ሾፌሩን መንገዱ እንዴት ነው አልኩት። "እስካሁን ሰላም ነው፤ የወደፊቱን እሱ ያውቃል" አለኝ።

 ሚኒባሱ ሲነሳ ደሴ "ጋይንት ለእኔ አዲስ አይደለም" አለ። እዚያ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት የድጓ ተማሪ ነበር። የድጓ ተማሪ የዜማ መጽሐፉን በእጁ መጻፍ አለበት። ደሴ በግራ እጁ ሞከረ፤ ፊደሉን እንደምንም ቢጽፈውም ከላዩ የሚሰፍረው ደቃቃ የዜማ ምልክት አልወጣለት አለ። ጓደኞቹ በትምህርቱ ቀድመውት ሄዱ። አንድ ጠዋት መምህሩን ሳይሰናበት ወጣ።

"ገበያ ላይ ቢያገኙኝ የኔታን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለኝ።

አርብ ጠዋት፣ አርብ ገበያ

ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ የበግ ጩኸት። የአህያው ብዛት መንገድ ያሳጣል። ባለሱቁ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። በረንዳው ላይ ሌላ ሰው፣ ሌላ የስፌት መኪና።

"የእህቴ ልጅ መጣብኝ፤ ምን ላድርግ ልጆቼ?" አለ።

መኪናዋ አቧራ ላይ ተቀመጠች። ብርቄ ጥቂት አሰበችና "ቤተ ልሔም እንሂድ" አለች። "ያ ሁሉ ተማሪ ማን ይሰፋለታል?"

"እዚያስ አልሄድም። ወደ አገሬ ብመለስ ይሻለኛል" አለ ደሴ።

"ተመልሰህ ምን ልትሠራ? እኔስ? ገና ቤት ሳልደርስ ነው ወላጆቼ ሌላ ባል የሚፈልጉልኝ።" 

ደሴ ተነስቶ በገበያተኛው መሀል ጠፋ። ጥሎን የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ አንድ ባለ አህያ አስከትሎ መጣ።

አርብ ከሰዓት፣ ቤተ ልሔም

ከአህያዋ ኋላ በእግር ወጣን ወረድን። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሲታዩ ደሴ እርምጃው ከበደ። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ተቀምጠዋል። ካባቸው ትከሻው ላይ ተተርትሯል። ደሴ ራቅ ብሎ ተንበረከከ።

የኔታ እጁን አይተው አወቁት። "ደሴ ነህ?"

"አዎ፣ የኔታ። ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ገደል የገባህ መስሎን ወንዝ ለወንዝ ፈልገንሃል።" ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ድካም ግን አለበት። "ለምን ሄድክ?"

"መጻፍ አቃተኝ።"

"የተቃጠለው እጅህ ነው። አፍህ ምን ሆነ? ዜማውን እየሰማህ በቃልህ ትቀጽል ነበር እኮ።"

 የመጣንበትን ጉዳይ ብርቄ ነገረቻቸው። የኔታ እስክትጨርስ ሰሟትና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። "ያችን ባዶ ጎጆ ጥረጉላቸው። ይህች ልጅ እዚያ ማዶ ከሚኖሩት እማሆይ ዘንድ ትደር።" ቀጥለው ደሴን "ቀን ትሰፋለህ፣ ማታ ማታ ዜማህን ከእነዚህ ጋር ትቀጥላለህ" አሉት።

ተማሪዎቹ መኪናዋን ከአህያዋ ላይ አወረዱ። ብርቄ ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ ለደሴ አቀበለችው።

"በየኔታ ካባ ጀምር፤ መጣፊያውን ለካ" አለችው።

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ። ደሴ ከኋላቸው ቆሞ የሜትሩን ጫፍ በተጣበቁት ጣቶቹ ትከሻቸው ላይ ተጫነ፤ በግራው ዘረጋ። ጫፉ ከጣቶቹ ሥር አምልጦት መጀመሪያ የለካው ተሳሳተ። የኔታ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙለት፤ እንደገና ለካ።