የገራዶዋ አውሮፕላን እግር

ዘካሪያ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብረት ይቀርጻል። የሐርቡ ልጅ ነው፤ ሙያውን የለመደው ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው። ፋብሪካው ሲያሰናብተው ያችን አሮጌ ቶርኖ ገዛ፤ ከእሷ ሌላ ሀብት የለውም። ሰው ብዙ አያናግርም፣ ሰውም አያምንም። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ጦርነቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ጎረቤቱ የነበረው በያጁ በላቸው ለማያውቀው ሰው አንድ ብረት በየደና፣ ብረቱ የመሣሪያ ነው ተብሎ ሱቁ ታሸገበት። እንደታሸገ ቀረ። አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል።

እና አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ማዳበሪያ ተሸክመው መጡ። ኪዳኑ እባላለሁ፣ ከደሴ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የአየር ኃይል መካኒክ ነኝ አሉ። ከማዳበሪያው ሁለት ወፋፍራም ፐርኖ፣ እንደ ካስማ ያሉ ድቡልቡል ብረቶች፣ አወጡ። ስንዝር ይረዝማሉ፣ መሀላቸውን ዝገት በልቶታል፣ ጫፋቸው ላይ ቁጥር አለ። የድሮ የጦር አውሮፕላን እግር የሚታጠፍባቸው ናቸው፣ አንዱ የቀኝ አንዱ የግራ፣ ልካቸው ይለያያል አሉት። አውሮፕላኗን እንደ ድሮዋ አድሰን ሰው እንዲያያት ልናቆማት ነው፣ አትበርም፤ አዲስ ቅረጽልኝ አሉ።

ዘካሪያ ቁጥሩን ሲያይ የመሣሪያ መስሎት ደነገጠ። አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሲያርፍ ያውቃል እንጂ በማዳበሪያ ሲመጣ አላየም። ደግሞ የሽማግሌው አቀማመጥ አላማረውም። ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚቀመጡት። ስልክ ሲደወልላቸው ውጭ ወጥተው ነው የሚያናግሩት። ምን ቢደብቁ ነው?

እምቢ ማለት ግን አይችልበትም። የቀኙን ጀመረ። ዝገት የበላውን መሀሉን ለክቶ ቢቀርጽ ቀጭን ይወጣበታል፤ ስለዚህ ቅባት ሸፍኖት የተረፈውን ዳሩን ለካና ከአይሱዙ በወጣ አሮጌ ዘንግ ላይ ቀረጸው። ጋራዥ ደንቡ ነው፣ ባለ ዕቃ አዲሱንም አሮጌውንም ይዞ ይሄዳል። ሽማግሌው የቀኙን አዲስና አሮጌ ጠቅልለው፣ የግራውን አሮጌ ሱቁ ትተው፣ በሳምንቱ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

በመሀል ሱቅ ለሱቅ ሊፈተሽ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ሚስቱ ጣይባ ሰማች።

"አንተ ሰውዬ፣ በላቸውን አላየህም? ይሄን ብረት አውጣልኝ።"

ኧረ የአውሮፕላን ነው ተብያለሁ አላት።

"አውሮፕላኑን አየኸው?"

አላየውም። እውነቷን ነው። ማለዳ የግራውን ፐርኖ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርከና ወረወረው። ፍተሻውም ሳይመጣ ቀረ።

ጋሽ ኪዳኑ በሳምንቱ መጡ። አዲሱም የለ፣ አሮጌውም የለ። ቆራሌ ሳላየው ከቁርጥራጭ ጋር ወሰደው አላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያይ። ሽማግሌው የቁርጥራጩን ጥግ ሄደው አዩ።

"ሸጥኸው?"

አልሸጥኩም ወላሂ አለ። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ሽማግሌው ግን አላመኑትም፤ ያጠፋኸውን በዓይንህ እይ ብለው በሚኒባስ ደሴ አጠገብ ገራዶ ወሰዱት።

አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ገለጡ። ወላሂ አውሮፕላን ናት። በቀኝ እግሯ ቆማለች፣ በግራ በኩል በርሜል ደግፏታል። ሞተሯ ወጥቷል፣ ቦታው ባዶ ነው። ዘካሪያ አንድ ነገር ሲላቸው አልሰሙትም፤ ዞረው ሌላኛውን ጆሮ ሰጡት። ያኛውን ጆሮ የአውሮፕላን ሞተር በልቶታል አሉ፣ ቶርኖህ ሲጮህም ስልክ አልሰማም። ዘካሪያ አፈረ። የግራው ፐርኖ የሚገባበትን ቀዳዳም ዝገት አስፍቶታል፤ ያለ አሮጌው ልኩ አይገኝም።

"ጋሽ ኪዳኑ፣ ቆራሌ አይደለም። ቦርከና ነው የጣልኩት። ፈርቼዎት ነው።"

"እኔ ደግሞ ሌባ ነህ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስረግምህ ነው የመጣሁት" አሉት።

ተመልሰው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዝ ገቡ። በጋ ነው፣ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ድልድዩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ፣ አባባ ወርቅ ከሆነ እኛም እንውረድ አለ። ሌላው ገለል ብሎ ስልክ ደወለ። ዘካሪያ ፌስታሉን ከድንጋይ ሥር መዝዞ ሲያወጣ አባይ የሚባል ሚሊሻ ዳር ቆሟል። ብረቱን ተቀበለ፣ ቁጥሩን አየ።

"እኒህን ሰውዬ ታውቃቸዋለህ?"

አላውቃቸውም ቢል ይተርፍ ነበር። ብረቱን ያመጣው ሰው ነው የሚጠየቀው ማለት ይችል ነበር። ሱቁ ከዚያው ይታያል፣ በሩ እንደተከፈተ ነው።

"ደንበኛዬ ናቸው" አለ። "ብረቱ የአውሮፕላን እግር ነው። የጣልኩትም እኔ ነኝ።"

ሰው ሳቀ። አባይ አልሳቀም። የሱቅህን ቁልፍ ወዲህ በል፣ አውሮፕላን የምትለውን ካየሁ እመልስልሃለሁ አለው። ሦስቱም ገራዶ ሄዱ፣ የዘካሪያ ሱሪ ገና አልደረቀም። አባይ አውሮፕላኗን ዞራት፣ ሆዷን አንኳኳ፣ የሞተሯ ቦታ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ቆየ። ከዚያ ቁልፉን መለሰ።

በማግስቱ ግን አባይ ሱቁ በር ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ፐርኖው ተቀርጾ እስኪያልቅ አልተነሳም። ሲያልቅ ከአሮጌው ጋር አስተያየው።

"አዲሱ ላይ ቁጥሩን እንዳታደርግ፣ ሌላ ሰው ቢያየው የመሣሪያ ይለዋል" አለ።

ዘካሪያ አላደረገም።