የሰው እሳት አይነካም

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአያቴ አይደለም። አያቴን የማውቃት በስልክ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ስልክ ስታወራ መስመሩ የሚቋረጥባት ስለሚመስላት ጤንነታችንን ጠይቃ፣ መርቃን፣ ቶሎ ትሰናበታለች። እኔ ተረት የሰማሁት ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ አውሮፕላኖች ጣሪያችንን ሊነኩ ትንሽ እየቀራቸው በሚያልፉበት አፓርትመንት ግቢ፣ ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ሽማግሌ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ያ ተረት እንዴት እንደተቋረጠ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር። ከእኛ በታች፣ ምድር ላይ ባለው ቤት፣ ሄንክ የሚባል የአውሮፕላን መካኒክ ከሚስቱና እኩያዬ ከሆነችው ልጁ ከአንኬ ጋር ይኖር ነበር። በቤታቸው የሚነጋገሩት አፍሪካንስ በሚባለው የአገራቸው ቋንቋ ነው። በእነሱ ወግ ልጅ ትልቅ ሰውን በባዶ ስሙ አይጠራም፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው እነሱ «ኦም» ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ እነዚህስ ያደጉ ሰዎች ናቸው አለችና እኔም ሄንክን ኦም ሄንክ እንድለው አዘዘችኝ። ዛሬ ሄንክ ብቻ ነው የምለው።

ሽማግሌው የሄንክ አባት ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ብቻዎትን አይቀመጡም ብሎ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። አንኬ ኡፓ ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ ግቢው ሁሉ ከእሷ ተቀብሎ ኡፓ አላቸው። ረጅም፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው፣ በቴክሳስ ሙቀት እንኳ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሚስቡ ሰው ነበሩ። የበሬ ሥጋ በኮምጣጤና በድንብላል አሽተው ልብስ መስቀያ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቬንቲሌተር ያደርቁ ነበር፤ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እኛ ቤት ይገባል። የግቢው ኃላፊ መጥታ ምን ሞቶ ነው ብላ ስትጠይቅ፣ እናቴ ከላይ ሆና ሰማችና ሳቀች። አንድ ቁራሽ የቀመሰች ቀን ደግሞ፣ ይሄማ ቋንጣ ነው፣ በርበሬ የረሳ ቋንጣ፣ ብላ ከበርበሬያችን በብርጭቆ ላከችላቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሻሽ ኡፓ ሣሩ ላይ በቆመው የጋራ መጥበሻ እሳት ያነዳሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በጋዝ ይጠብሳል፤ እሳቸው ግን በጋዝ የበሰለ ሥጋ ታሟል እንጂ አልተጠበሰም ባይ ናቸው። መስኪት የሚባለውን የቴክሳስ እሾሃማ እንጨት ከየት ከየት ያመጣሉ፣ ነበልባሉ እስኪወርድ፣ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሥጋው ከመጣዱ በፊት የሚጠበቀው ያ ረጅም ጊዜ ነበር የተረት ሰዓቱ። ሕጋቸው ሁለት ነው። የሰው እሳት አይነካም፤ ተረቱን የሚናገር የእሳቱ ባለቤት ነው።

በመጀመሪያው ሕግ አይቀልዱም። አንድ ቀን ደግ ጎረቤታችን፣ ቦት ጫማ የማያወልቅ የቴክሳስ ሰው፣ ሥጋው እንዳያርርባቸው አስቦ መቆንጠጫውን አንስቶ አገላበጠላቸው። ኡፓ አልተቆጡም። ሥጋቸውን አንድ በአንድ አንስተው ሳህን ላይ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን ነቅነቅ አደረጉለትና «እንግዲህ እሳቱ ያንተ ነው» ብለውት ሄዱ። ከዚያ ሌላኛው መጥበሻ ጋ ሌላ እሳት አነደዱ። ሰውዬው ያልለፋበት ፍም ፊት መቆንጠጫ ይዞ ሲቁለጨለጭ ትዝ ይለኛል፤ እኔና አንኬ ሣሩ ላይ ተንከባለልን። ሄንክ ግን አልሳቀም፤ በዚህ ሕግ ያደገ ሰው ስለሆነ የተደረገውን ነገር ክብደት ያውቀዋል። ይህን የምላችሁ ያውቅ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ኡፓ ተረቱን በቋንቋቸው ይናገራሉ፣ አንኬ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። ስለዚህ እኔ እያንዳንዱን ተረት ሁለት ጊዜ ነበር የምሰማው፤ መጀመሪያ በድምፅ ብቻ፣ የፍሙ ቀይ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ፣ ቀጥሎ በትርጉሙ፣ በአንኬ የተሸረፈ ጥርስ በኩል። ቃል ሲያጥራት በእጇ ታሳየኛለች፤ ጃርት እንዴት እንደሚቆጣ ለማሳየት አንድ ጊዜ ፀጉሯን በሁለት እጇ አቁማ ነበር። ያኔ ጢሱ ልብሴ ላይ ስለሚቀር ተኝቼም ይሸተኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያዳመጥኩት ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው ትምህርት ቤት ነው። አንዲት አስተማሪ ሄንክን ጠርታ ልጅህ ቋንቋ ትቀላቅላለች፣ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ብትናገሩ ይሻላል ትለዋለች። ልጅቷ ሁለት ቋንቋ በአንድ አፏ እያመላለሰች ከዕድሜዋ የሚበልጥ ሥራ ትሠራለች ያለ ሰው የለም። ሄንክ ፊቱ ቀልቶ መጣና ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍሪካንስ በቤቱ ተከለከለ። እራት ላይ አንኬ ከአፏ ካመለጣት ሳህኑን በጣቱ ያንኳኳባታል። ኡፓ እንግሊዝኛ አላቸው፣ ግን የገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ ዳቦ ይገዛል እንጂ ተረት አያወጣም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኡፓ እንደወትሯቸው እሳት አነደዱ፣ እኛን አስቀመጡ፣ በቋንቋቸው ጀመሩ። አባቴና ሄንክ ቢራ ይዘው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ በመሀላቸው በረዶ የሞላ የቢራ ማቀዝቀዣ ሣጥን አለ። አንኬ አባቷን ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትነግረኝ ጀመር።

አያ ጅቦ ተሰደደ ይላል ተረቱ። የሄደበት አገር የበጎች አገር ነው፤ ሣሩ ለምለም፣ ውሃው ቅርብ። ግን ጅቦ በጮኸ ቁጥር አገሩ ሁሉ ዘወር ብሎ ያየዋል። አፈረ። አንድ ቀን ድምፁን ከቋጥኝ ሥር ቀበረና እንደ በግ ባ ማለት ተማረ። ተመቸው፣ ወፈረ፣ ልጅ ወለደ፤ ልጁም ከባ ሌላ አያውቅም። አንድ ቀን ጉም ወረደና ግልገሉ ጠፋ። ጅቦ ባ ብሎ ተጣራ። ኮረብታው ሁሉ ባ አለ። ግልገሉ ከዚያ ሁሉ ባ ውስጥ የአባቱን በምን ይለየው? ጅቦ ወደ ቋጥኙ ሮጠ፣ መሬቱን በጥፍሩ ይቆፍር ጀመር፣ ቆፈረ፣ ቆፈረ...

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ሽማግሌው ለእኛ እየነገሩ ለማን እንደሚናገሩ ሄንክ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል። ሣጥኑን በሁለት እጁ አንስቶ መጣና በረዶውን ከነውሃው ፍሙ ላይ ደፋው።

ፍሙ ጮኸ። አመድና እንፋሎት ተነስቶ ኡፓን ሸፈናቸው፤ ሲገልጥ ካልሲያቸው፣ ቅንድባቸው፣ ያልተጣደው ሥጋቸው ሁሉ አመድ ለብሷል። ያን ሰው በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ልጅ አይጠላም ይላሉ፤ ውሸት ነው፤ እኔ ከልቤ ጠላሁት። ኡፓ ጉልበታቸውን ይዘው በዝግታ ተነሱ፣ ልጃቸውን በቋንቋቸው አላናገሩትም። በዚያ በገበያ እንግሊዝኛቸው «እንግዲህ እሳቱ ያንተ ነው» አሉት። ልክ ለባዕድ እንዳሉት። ገብተው በሩን ዘጉ። አንኬ ጅቡስ ምን ሆነ ብላ የተዘጋውን በር ጠየቀች።

ቤት ስንገባ አባቴ ለሄንክ ተከራከረ። «ልጁን አስቦ ነው እኮ። ማለቴ፣ እዚህ አገር አክሰንት ያለው ሰው እንደ እኔ ሻንጣ ሲጭን ይቀራል። ሶ፣ እኛም ከዛሬ ጀምሮ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ኦኬ?»

እናቴ መጀመሪያ ተረቱን እኔን አስነግራ ሰማች። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ነበር የማውቀው» አለች። «ቁርበቱ ላይ ለመተኛት ድምፁን የቀበረ ጅብ ግን ዛሬ ሰማሁ። አንተ ቅበር። እኔ አልቀብርም።»

እኔም ከዚያች ምሽት ጀምሮ አባቴ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ በአማርኛ መለስኩለት። ከፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ከእልህ ነው። ቢቆጣም፣ ቢለምነኝም፣ እንቢ አልኩ። ሌሎች ልጆች ቋንቋቸውን በበዓልና በዘፈን ይዘው ቆዩ ይባላል፤ እኔ በቂም ነው የያዝኩት። ኡፓ ብዙም ሳይቆዩ አገራቸው ተመለሱ። ሻንጣቸውን አውሮፕላኑ ላይ የጫነው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አንኬ ውስጥ የነበረው ቋንቋ ማንም ሳያየው ደረቀ።

ዛሬ እኔ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር እኖራለሁ፣ አንኬ ፎርት ዎርዝ ከተማ ነርስ ናት። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። ኡፓ በጣም አርጅተዋል፣ እንግሊዝኛውን አእምሯቸው ጥሎታል፣ የቀራቸው አፍሪካንስ ብቻ ነው። «እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አልሰማም» አለችኝ። «መሀላችን ተቀምጦ የሚያስተረጉመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አባቴ። ቤዛ፣ ቅዳሜ ነይልኝ፣ ብቻዬን ከዚያ ሰውዬ ጋር አልችለውም።»

ሄድኩ። ሄንክ አሁን የራሱ ግቢ አለው፤ ጥጉ ላይ ክዳኑ የሚያብለጨልጭ የጋዝ መጥበሻ ቆሟል። ያን ቀን ግን በእንጨት ነበር ያነደደው፣ አባቱ በስልኩ እንዲያዩለት። እኛ ጋ ቀትር፣ እሳቸው ጋ ምሽት ነበር። ስክሪኑ ላይ ትራስ ውስጥ የሰመጠ ትንሽ ፊት መጣ። እኛን አላዩንም፤ ከኋላችን ያለውን ፍም ነው ያዩት። የሆነ ነገር ጠየቁ። ሄንክ ወደ ፍሙ ዞረ። አንኬ ምን አሉ ብላ ወተወተችው።

«እሳቱ የማን ነው ይላሉ» አለ ሄንክ። ከዚያ በቋንቋቸው የእኔ ነው ብሎ መለሰላቸው መሰለኝ፤ ኡፓ ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ አጭር ነገር ጨመሩ። የሄንክ ፊት ያን የትምህርት ቤት ቀን እንደቀላው ቀላ። የሚተረጉምልኝ አላስፈለገኝም። ሕጉን አውቀዋለሁ።

«ተረቱን ጨርሰው ነው ያሉህ» አልኩት፣ ኦም ሳልለው። «ጨርሰዋ።»

ሄንክ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በአፍሪካንስ፣ መቆንጠጫውን በሁለት እጁ እንደያዘ። ኡፓ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። አንኬ የአባቷን አፍ ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች። ሲጨርስ፣ ጅቡ ምን ሆነ ብላ ያንኑ የልጅነት ጥያቄዋን ጠየቀችው። በእንግሊዝኛ አይሆንም አላት።

የተናደድኩት ያኔ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት የባሰ። «እሷ በዚያ የልጅ አፏ ለእኔ ታወጣልኝ ነበር» አልኩት። «አንተም ታወጣለህ።»

አወጣው። ጅቦ ድምፁን ቆፍሮ አገኘው፣ አፈሩን አራገፈለት፣ ጉሮሮው ውስጥ መለሰውና ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ግልገሉም ሰማው። የምን አውሬ ነው ብሎ ደነገጠና ከድምፁ ሸሽቶ ወደ ጉሙ ሮጠ። ሄንክ ይህን ብሎ ልጁን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አንኬ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ኡፓ እንደተኙ ይሁን እንደሰሙ እንጃ፣ ስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው።

አዘንኩለት ወይ? ትንሽ አዝኛለሁ፣ አልዋሽም። ይቅር ግን አላልኩትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ደፊው ቢያለቅስም አይታፈስም። ሥጋውንም ሳልቀምስ ወጣሁ።

ለልጄ ያንን ተረት በአማርኛ ነው የምነግራት፤ ግልገሉ ሲሸሽ ታለቅስብኛለች፣ ቀይሪው ትለኛለች፣ አልቀይረውም። ከዚያ ግቢ ለእኔ የቀረኝ ተረቱ ብቻ አይደለም፤ ቁጣውም አብሮ ቀርቶኛል። ሰው ሁሉ አሁንስ ይብረድልሽ ይለኛል፣ ባለቤቴም፣ ንስሐ አባቴም። እናቶቻችን ለነገ እሳት ፍም እንደሚያዳፍኑት አዳፍኜ ይዤዋለሁ፤ አማርኛዬ የሚሞቀው በእሱ ነው። የእኔ እሳት ነው። ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።